አዛለች ያላወቀችው ውል

ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሞላሌ

መድኃኔዓለም። ከቅዳሴ ስመለስ አቶ ወልደ አማኑኤልን ገብቼ ጠየቅኋቸው። ከወደቁ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀናቸው ነው። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል፤ አንደበታቸው ተዘግቷል። የቀራቸው ግራ እጃቸው፣ ጆሯቸውና ዓይናቸው ነው።

አዛለች ትራሱን ከፍ አድርጋ አጥሚት በማንኪያ ታጠጣቸዋለች። ሲያፈሱት ትቆጣለች።

«ይዋጡት እንጂ! ለመሬቱ ነው እንዴ ሳማስለው ያረፈድኩት?»

እሳቸው በግራ እጃቸው ማንኪያውን ይገፋሉ፤ እሷ መልሳ ታመጣዋለች። ሚስት አይደለችም፤ ዘመድም አይደለችም። ሱፍ ፈታይ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት በጓሮ ክፍላቸው ተቀምጣ፣ እሳቸው ገበያ ያወጡትን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ባናውን ሁሉ፣ ክሩን የፈተለችው እሷ ናት።

ስወጣ ዓይናቸው እስከ በሩ ተከተለኝ። ቤታችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ ቤቴ ገብቼ በሬን ከዘጋሁ በኋላም የሚያዩኝ መሰለኝ። ሰው ሲከሳ ዓይኑ ይገዝፋል። ሌላ ምክንያት የለውም።

ጥቅምት 30

የእኅታቸው ልጅ መሳፍንት ከደብረ ብርሃን መጣ። መንገዱ ተዘግቶ ከርሞ ትናንት ተከፈተ አሉ። አራተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አሁን ሆዱ ቀድሞት ይገባል።

«ቲቸር! እንዴት ከረሙ?»

«ቲቸር የሚባል ቃል አላስተማርኩህም።»

ሳቀ። ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ግቢውን በእርምጃ ይለካ ነበር። ከፊት በር እስከ ጓሮ ክፍሉ ሠላሳ አራት እርምጃ። አብሬው ቆጥሬያለሁ።

ኅዳር 2

መሳፍንት ዛሬ ቤቴ መጣ። ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጠ።

«እትዬ ምሥራቅ፣ የዚያ ውል አንድ ቅጂ እርስዎ ዘንድ አለ አይደል?»

«አለ።»

«አዛለች ታውቃለች?»

«አልነገርኳትም።»

«እሰይ!» አለና ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። እግሬን ሰበሰብኩ። ያ «እሰይ» ግን እስከ አሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ይህን ደብተር ከእኔ በኋላ ማን እንደሚያነበው አላውቅም። ማንም ይሁን ማን፣ ነገሩን በሥርዓቱ ላስቀምጥለት።

በሚያዝያ 2009 ነው። ከማስተማር ጡረታ ወጥቼ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻና ውል እጽፍ ነበር። አቶ ወልደ አማኑኤል ከመሳፍንትና ከነፍስ አባታቸው ከአባ አትናቴዎስ ጋር መጡ። ልጅ የላቸውም። ውሉ እንዲህ ይላል፤ ቤቱና ግቢው ለመሳፍንት ተሰጥቷል፤ አጎትየው ዕድሜ ልካቸውን ይኖሩበታል። መሳፍንት በፋንታው አዛለችን እስክትሞት ከጓሮ ክፍሉ ላያስወጣ፣ በየዓመቱ ሁለት ኩንታል ገብስ ሊሰፍርላት፣ ስትሞትም ሊቀብራትና ተዝካሯን ሊያወጣ ግዴታ ገብቷል። ሁለቱ ፈረሙ፤ ፍርድ ቤት ተመዘገበ። አዛለች አልፈረመችም፤ አልተጠራችም። ውሉ የሁለት ሰው ነው፤ ጥቅሙ የሦስተኛ።

መሳፍንት ምስክር ሊጠራ ከመውጣቱ በፊት፣ እሱም እየሰማ፣ አቶ ወልደ አማኑኤል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አዛለች እንዳትሰማ። በሰው ውለታ ተቀምጫለሁ ብላ ካሰበች አንድ ቀን አታድርም፤ አውቃታለሁ።» አባ መስቀላቸውን አነሡ፤ «እንዳትነግሪያት በሥላሴ ስም ገዝቼሻለሁ» አሉኝ።

እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። ግዝት ምን እንደሆነ ከፊደል በፊት ተምሬዋለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ አፌን ጠበቅሁ። ማንም ይህን ሊነቅፍብኝ አይችልም።

ኅዳር 5

ውርጭ። የባቄላው ማሳ ጠቁሮ አደረ። አዛለች በሽተኛውን ካስተኛች በኋላ ትፈትላለች፤ እንዝርቷ ሸክላው ላይ ሲሾር በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ድምፁ አያስተኛኝም። ሲቆም ደግሞ ያነቃኛል።

ኅዳር 8

የፍትሐ ብሔር ሕጉን ከሣጥን አወጣሁ። ጀርባው ተገንጥሏል፤ በክር ልሰፋው ይገባ ነበር፤ ስንፍና ነው።

የማውቀውን ነው ያገኘሁት። ሁለት ሰዎች ለሦስተኛ ሰው ጥቅም መዋዋል ይችላሉ። ጥቅሙን ያስጻፈው ሰው መልሶ ሊሽረው ይችላል። ሊሽረው የሚችለው ግን ሦስተኛው ሰው «በዚህ ጥቅም መጠቀም እፈልጋለሁ» ብሎ ከሁለቱ ለአንዳቸው እስኪያስታውቅ ድረስ ብቻ ነው።

ስለዚህ አዛለች የጎደላት አንዲት ቃል ናት። ላልሰማችው ነገር ግን ምን ብላ ቃል ትሰጣለች?

ግዝት አለብኝ። ግዝት አለብኝ።

ኅዳር 12

የኅዳር ሚካኤል። ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ጥላ ይዤ ተቀመጥኩ። ሸማኔው አፈወርቅና ጎረቤታችን ውባየሁ ከኋላዬ ያወራሉ። የማልሰማ መስሏቸዋል፤ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ደንቆሮ ይመስላቸዋል።

«አዛለችን ከገና በፊት ልቀቂ ብሏታል አሉ።»

«ወዴት ትሄዳለች?»

«ቀየት ነዋ። የእኅቷ ልጅ መስታወት ዘንድ።»

«መስታወት? እሷ ራሷ ስድስት ሆና ባንድ ክፍል! አዛለችን ግድግዳ ላይ ልትሰቅላት ነው?»

«ሽማግሌው እንደው አንድ ነገር ሳይጽፉላት?»

«ቢጽፉላት ማን ይጽፈው ነበር? እትዬ ምሥራቅ። ብትጽፈው ደግሞ ዝም ትል ነበር? አንዲት ነጥብ ስትጠፋ እኮ አገር ይያዝልኝ የምትል ሴት ናት።»

ማየታቸውን ጀርባዬ አወቀው። አፈወርቅ ዞሮ መጣና፣ «እንደው እትዬ፣ የጻፉት ነገር የለም?» አለኝ።

«የጸሐፊ አፍ ገበያ አይወጣም» አልኩት።

ጥሩ መልስ መሰለኝ። ቤቴ እስክደርስ ድረስ መሰለኝ።

ኅዳር 16

ጾመ ነቢያት ትናንት ገባ። መሳፍንት ንጹሕ ወረቀት ይዞ መጣ።

«የመሻሪያ ውል ይጻፉልን። በእርስዎ እጅ የተጻፈ በእርስዎ እጅ ቢሻር ያምራል፤ ማንም ነቅፎ አይመልሰውም።»

«አጎትህ ይሻር ብለዋል?»

«ብለዋል።»

«በየትኛው አፍ?»

«‹ከተስማሙ ዓይንዎን ይጨፍኑ› አልኳቸው። ጨፈኑ።»

«ሰው ሲደክመውም ይጨፍናል።»

«ኧረ እትዬ፣ ፈተና ላይ ነን እንዴ? ገዢው ፎቅ ሊያቆምበት ነው። አሮጌ ክፍል መሐል ቁጭ ያለች ሴትዮ አብሬ ልሽጥለት? ደግሞስ ምን አጣች? ሰው የማያውቀውን ነገር አያጣም።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ሰምቼ ወረቀቱን ተቀበልኩት። አዲስ አልሆነችብኝም።

ኅዳር 17

ጻፍኩት። አንድ ገጽ። ስሕተት የለበትም። ቀኑን ብቻ ክፍት ትቼዋለሁ። ታኅሣሥ 6፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሦስት ምስክር ባለበት የግራ አውራ ጣታቸው ይታተምበታል፤ ሰኞ ይመዘገባል።

እኔ እምቢ ብል ለሌላ ሰው ያስጽፋል። ሌላው ደግሞ ያበላሸዋል።

ኅዳር 18

ዛሬ አልጠየቅኋቸውም። ጉንፋን ይዞኛል።

ኅዳር 19

ዛሬም።

ኅዳር 21

ጽዮን። ከቅዳሴ በኋላ አባ አትናቴዎስ ጎጆ ሄድኩ። ዓይናቸው ከፈዘዘ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ በኮቴዬ አወቁኝ።

«ነይ ምሥራቅ። ጫማሽን ጠርገሽ ግቢ አልልሽም፤ ሳትጠርጊ አትገቢም።»

«አባ፣ ከግዝት ሊፈቱኝ መጥቻለሁ።»

«ከየትኛው?»

«ከአዛለች ነገር። ሊያስወጧት ነው። ልናገር ይገባኛል።»

መቋሚያቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እሱን እኮ ፈትቼልሻለሁ።»

«መቼ?»

«ዓመተ ምሕረቱን የምትይዢው አንቺ ነሽ፤ እኔ ጾሙን ነው የምይዘው። በፍልሰታ ነበር። ወልደ አማኑኤል ራሱ መጥቶ፣ ‹አባ፣ እርጅና ተጫነኝ። አዛለች ትወቀው። እኔ አፌ አልደፍር ብሎኛል፤ ምሥራቅ ትንገራት› አለኝ። አንቺን አስጠራሁ፤ ፈታሁሽ። እዚችው መደብ ላይ ነበር የተቀመጥሽው።»

«ተሳስተዋል አባ።»

«ልሳሳት እችላለሁ፤ ዘጠና ሊሞላኝ ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ እኔ አቀኑ። «ለማንኛውም፣ አሁንም እፈታሻለሁ። እግዚአብሔር ይፍታሽ። እንግዲህ ምን ቀረሽ?»

ኅዳር 23

አባ አርጅተዋል። ባለፈው ወር የአንድ ሟች ስም ለውጠው ጠርተው ዲያቆኑ ነው ያረማቸው። እኔ የምሰማውን አልረሳም። በ1968 ያስተማርኳቸውን ልጆች ስም በተቀመጡበት ተራ መጥራት እችላለሁ። ሌሊት ሞክሬ ጠራኋቸው። አርባ ሦስት። አንድም አልጎደለም።

ኅዳር 26

አባን ማስረጃ አቅርቤ ላርማቸው ብዬ የድሮ ደብተሮቼን አወጣሁ። የ2011ዱ ሽፋኑ ሰማያዊ ነው። እንዲህ ይላል፤

«ነሐሴ 9። አባ ጠሩኝ። የአዛለችን ግዝት ፈቱ። ወ.አ. እኔ እንድነግራት ይፈልጋል። ነገ እነግራታለሁ።»

«ነሐሴ 10። ዝናብ። ነገ።»

«ነሐሴ 11። ሽሮ አስፈጨሁ።»

ከዚያ በኋላ ስሟ የለም። እስከ መጨረሻው ገጽ አገላበጥኩ። የለም።

እጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። ፊደሉ አልተንቀጠቀጠም። ሳልቸኩል ነው የጻፍኩት።

ሌላም አገኘሁ። «መስከረም 1 ቀን 2012። ወ.አ. ባና ይዞልኝ መጣ። ‹ስላደረግሽልኝ ነገር ነው› አለ። አመሰገንኩ።»

ይህ ብቻ ነው። አመሰገንኩ።

የነገርኳት መስሎት ነበር! አምስት ዓመት ሙሉ ነግራታለች ብሎ ኖረ፤ እኔም ስጦታውን ተቀብዬ ኖርኩ። አሁን ስጽፍ ያ ባና እግሬ ላይ ነው። ገፍፌ ጣልኩት። ብርዱ ሲጠናብኝ መልሼ አነሣሁት።

ኅዳር 28

አዛለች በር ድረስ ሄድኩ። ጨው አለሽ ወይ አልኳት። ሰጠችኝ። ቤቴ ጨው ሞልቷል።

ኅዳር 29

እንቅልፍ የለም። የሆነውን ሁሉ እንደ ሆነ ካልጻፍኩ ደብተር ለምን እይዛለሁ?

አባቴ ከእኔ በቀር ሴት ልጅ አላስተማሩም። ወልደ አማኑኤል ከተማሪዎቻቸው አንዱ ነበር። ዳዊት ሲደግም የሚሰናከልበትን መስመር እኔ ቀድሜ አውቅ ነበር፤ ሳይሰናከል በፊት ከንፈሬን አንቀሳቅስለታለሁ፤ አይቶ ያልፋል። አባቴ አንድ ቀን ያዙኝና አለንጋ አቀመሱኝ። እሱ ግን ያን ቀን አልተሰናከለም።

ደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት ስሄድ እስከ መኪናው ሸኘኝ። «ስትመለሺ…» አለኝና ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር አልወድም። ስመለስ ሚስት አግብቶ ነበር። ሚስቱ በ1983 አረፈች። ሦስት ዓመት ቆይቶ አዛለች ሱፍ ልትፈትል ገባች።

ይህ ሁሉ ከተያዘው ጉዳይ ጋር ግንኙነት የለውም። ልሰርዘው አስቤ ተውኩት፤ ሥርዝ ገጹን ያበላሻል።

ታኅሣሥ 1

አምስት ቀን ቀረው። ወገቤን አሞኛል። ነገ።

ታኅሣሥ 3

በዓታ። ነገርኳት።

ጓዟን ጠቅልላ ጨርሳለች፤ ሁለት ስልቻና አንድ የሱፍ ኩምር። ተቀምጣ ትፈትላለች። ቆሜ ተናገርኩ።

«አዛለች፣ ይህ ክፍል እስክትሞቺ ያንቺ ነው። በውል ተጽፎልሻል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም በተራ አስረዳኋት፤ ክፍሉን፣ ገብሱን፣ ቀብሩን፣ ተዝካሩን፤ እሑድ የሚሆነውንም። እንዝርቷን አላቆመችም።

«ታዲያ ምን አድርጊ ነው የሚሉኝ?»

«ከሁለቱ ለአንዳቸው ‹ተቀብያለሁ› በይ። ለአቶ ወልደ አማኑኤልም ሆነ ለመሳፍንት፤ ሰው እየሰማ። ካልሽ በኋላ ሊሽሩት አይችሉም።»

«እሳቸው አፍ አልነበራቸውም? ሠላሳ አንድ ዓመት ጧትና ማታ ስንተያይ?»

«ትሄጂብኛለሽ ብለው ፈሩ።»

«እሄድ ነበር» አለች። «አሁንም እሄዳለሁ። እኔ እጄ እስኪዝል ፈትዬ ነው የበላሁት። ምጽዋት አልለመድኩም።»

«ምጽዋት አይደለም፤ መብት ነው።»

«መብት የሚባለው ሰውየው ዞር ሲል ነው እንዴ የሚጻፈው?» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «እርስዎስ እትዬ? ሰባት ዓመት አልፎ ዛሬ እንዴት ትዝ አለዎት?»

ግዝቱን ነገርኳት። እዚያ ላይ ላቆም ነበር። በሩ ክፍት ነበር፤ ልወጣም እችል ነበር። ግን ቀጠልኩ። ግዝቱ በ2011 እንደ ተፈታ፣ ራሱ ወልደ አማኑኤል እንድነግራት እንደ ላከብኝ ተናገርኩ።

እንዝርቷ ቆመ።

«በመስከረም ነው» አለች፤ ለራሷ እንደምትናገር። «አንድ መስከረም፣ ‹ሰማሽ ወይ?› አሉኝ። ‹ምኑን?› አልኳቸው። አዩኝ፣ አዩኝና፣ ‹ተይው› አሉ። ከዚያ ወዲህ እኮ ነው ዝም ያሉኝ። ደጅ ተቀምጠን መጫወት ቀረ። እኔ ደግሞ ምን አጠፋሁ እያልኩ…» በነጠላዋ አፏን ያዘች። «ሰምታ ናቀችኝ ብለው ነው። አምስት ዓመት ሰምታ ናቀችኝ ብለው!»

ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ረሳሁት» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «እርስዎ? የዛሬ ሃያ ዓመት ያዋስኩዎትን ወንፊት ‹በእንትን ቀን የወሰድኩት ነው› ብለው የመለሱልኝ እርስዎ?»

ከዚያ በኋላ፣ «ይሂዱ እትዬ» አለችኝ። ሄድኩ። ትቀበል አትቀበል አልነገረችኝም።

ታኅሣሥ 5

ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ የለም። ጆሮዬን ለጥፌ ሰማሁ። ሄዳ ይሆን?

ታኅሣሥ 6

ከቅዳሴ በኋላ ሁላችንም ገባን። መሳፍንት፣ አፈወርቅ፣ ሌሎች ሁለት ምስክሮች፣ እኔ። መሳፍንት የጣት ቀለሙን ከኪሱ አወጣ። የመሻሪያውን ጽሑፍ ጮክ ብዬ እንዳነብ ተጠየቅሁ። ይህ የጸሐፊ ሥራ ነው፤ አነበብኩ። ወልደ አማኑኤል አልጋው ላይ ሆኖ አፌ አፌን ያያል። ሁለተኛው መስመር ላይ ተሰናከልኩ። በሕይወቴ ሰው ፊት ሳነብ ተሰናክዬ አላውቅም።

አንብቤ ሳልጨርስ አዛለች ገባች። ነጭ ለብሳለች።

«አንቺ ደጅ ቆዪ» አላት መሳፍንት። «የዘመድ ጉዳይ ነው።»

እንዳልሰማች አለፈችው። አልጋው አጠገብ ተንበርክካ ግራ እጁን ያዘች።

«ጌታዬ፣ ሰምቼ ንቄ አይደለም። ሳልሰማ ቀርቼ ነው። ከሰማሁ ዛሬ ሦስት ቀኔ ነው። ያስጻፉልኝን ተቀብያለሁ። ክፍሉንም ተቀብያለሁ፤ ገብሱንም ተቀብያለሁ፤ ቀብሬንም ተቀብያለሁ።»

ምስክሮቹ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ምን አለች?» አለ አንዱ ምስክር።

«ተቀበልኩ አለች» አለ አፈወርቅ። «እኔ ምለው፣ እኛስ ለምንድን ነው የመጣነው?»

መሳፍንት ወደ እኔ ዞረ። «ማን ነገራት?»

«እኔ።»

«አትናገሪ ተብለው አልነበረም እንዴ?»

«ግዝቱ ከአምስት ዓመት በፊት ተፈትቷል።»

«ታዲያ አምስት ዓመት ምን ሲያደርጉ ነበር?»

ልጁ ተቆጥቶ ነው እንጂ ሊያዋርደኝ አስቦ አልጠየቀም። ግን ሁሉም ጥያቄውን ሰሙ፤ ሁሉም መልሱን ጠበቁ። አልጋ ላይ ያለውም።

መሳፍንት የአጎቱን እጅ ከአዛለች ነጥቆ አውራ ጣቱን ወደ ቀለሙ ሳበ። ያኔ ግራ እጁ ተጨበጠ። እንደ ድንጋይ ተጨበጠ። መሳፍንት ጣቶቹን አንድ በአንድ ሊፈለቅቅ ሲታገል አፈወርቅ ተነሣ።

«ተው አንተ! የበሽተኛ እጅ ባቄላ ነው የሚፈለፈል?»

መሳፍንት ወረቀቱን ጨምድዶ ያዘ። «ፍርድ ቤት እንገናኝ!»

«እንገናኛለን» አልኩት። «ሦስት ምስክር አንተው አምጥተህላታል።»

ሲወጣ በሩን አልዘጋውም። እኔ ቅጂዬን አውጥቼ ከውሉ ግርጌ መቀበሏን ጻፍኩ፤ በራሱ በመሳፍንት ቀለም አዛለች ጣቷን አኖረች፤ ምስክሮቹ ፈረሙ።

ከዚያ አልጋውን አየሁ። እሷን ያይ ነበር። እንባው በጆሮው በኩል ወርዶ ትራሱን አርሶታል። ከጥቅምት ጀምሮ በየሄድኩበት የተከተለኝ ዓይን ዛሬ ወደ እኔ አልዞረም። እስክወጣ ቆሜ ጠበቅሁ። አንድ ጊዜ እንኳ አልዞረም።

እንዳያየኝ አልነበረም የፈለግሁት?

ታኅሣሥ 7

አልተጠራሁም። አልሄድኩም። በግድግዳው በኩል የእሷ ድምፅ ይሰማል፤ ታወራለታለች። ቃሉ አይለይም። አንድ ጊዜ ሳቀች።

ታኅሣሥ 11

ሊነጋ ሲል አረፈ።

ታኅሣሥ 12

ቀበርነው። መሳፍንት መጥቶ አልቅሷል፤ ማልቀሱ የውሸት አልነበረም፤ ይህንም መጻፍ አለብኝ። ድንኳን ውስጥ አዛለች ከሴቶቹ ፊት ተቀመጠች፤ ማንም ተነሺ አላላትም። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ። ውባየሁ፣ «እትዬ፣ ወደ ውስጥ ይግቡ እንጂ፤ ጎረቤት አይደሉ?» አለችኝ። ጎረቤት ነኝ። ገባሁ።

ታኅሣሥ 20

መሳፍንት ጠበቃ ሳያማክር አልቀረም፤ ክሱን እንደ ተወውና የሁለት ኩንታሉን ገብስ እንደሚልክ በአፈወርቅ በኩል አስታወቀ። ግቢውን ግን እሷ እያለች የሚገዛው አላገኘም።

ከሰዓት በኋላ አዛለች መጣች። ከቀብሩ ወዲህ ደጄን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። አልተቀመጠችም።

«ውሉን ያንብቡልኝ። ሙሉውን። ምንም ሳይዘሉ።»

አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አነበብኩ። ማንበብ አትችልም፤ ግን ጣቴን በዓይኗ ትከተላለች። መሐል ላይ እጅዋን ዘርግታ አስቆመችኝ።

«ይህ ጥቁሩ ምንድን ነው?»

«ቀለም ነው። ፈስሶ ነው።»

«ስሜ የት ነው?»

«ከእሱ ቀጥሎ።»

«ከእሱ በፊትስ ምን ይላል?»

«‹ይህ ጥቅም የሚሰጠው ለ› ይላል።»

ወረቀቱን አንሥታ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። ጥቁሯን ነጥብ ብርሃን ላይ አድርጋ ብዙ አየቻት፤ የሣንቲም ያህል ናት።

«እርስዎ ቀለም ያፈሳሉ እንዴ?»

«ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳርፌ ቆይቼ ነው። እሳቸው ስሙን እስኪነግሩኝ ስጠብቅ።»

«ያውቁት አልነበረም?»

አውቀው ነበር፤ እጄ ነው ስሟን አልጽፍም ያለው።

አዛለች ፊቴን አየች። ከዚያ ግድግዳውን፣ ከዚያ ወንበሬ ላይ የታጠፈውን ባና አየች፤ ክሩ የእሷ ነው። ወረቀቱን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ጨርቅ እንደምታቃና በመዳፍዋ አቃናችው። ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ገባኝ» አለች። «ይቀጥሉ።»

እስከ ፊርማው ድረስ አነበብኩላት። ምን እንደ ገባት አልጠየቅኋትም።